ስኮትላንድን በመኪና መዞር፦ ለጥንዶች የተዘጋጀ የጉዞ መመሪያ

ስኮትላንድ በካርታ ላይ ትንሽ መስላ ትታያለች። ከኤድንብራ እስከ ኢንቨርነስ ያለው መንገድ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ብዙ ጥንዶች ከተሞቹንም ሐይቆቹንም ተራሮቹንም በአራት ቀን አዳርሰን እንመለሳለን ብለው ይነሣሉ፤ በሦስተኛው ቀን ሁለቱም ደክሟቸው፣ አንዱ «እዚህ እንቁም»፣ ሌላው «ይመሽብናል» እየተባባሉ መጨቃጨቅ ይጀምራሉ። ችግሩ ያለው ርቀቱ ላይ አይደለም። በምዕራቡ የሃይላንድስ ተራራማ አካባቢ አብዛኛው መንገድ ጠመዝማዛ ነው፤ ከፊሉም በአንድ ጊዜ አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ በመሆኑ 40 ኪሎ ሜትር ለመሄድ አንድ ሰዓት ሙሉ ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ይህ መመሪያ ቀኑን በኪሎ ሜትር ከመመደብ ይልቅ በመንገዱ ዓይነትና በብርሃኑ ሰዓት መመደብን ይመክራል፤ ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተልም በዚሁ ሐሳብ ላይ የተመሠረተ ነው። ዓመታቱና የፈረንጅ ወራቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. ወቅቱን መምረጥ

ለዚህ ጉዞ የሚመቹት ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ያሉት ወራት ሲሆኑ፣ ምርጫው በእጃችሁ ከሆነ ሜይን ወይም የሴፕቴምበርን መጀመሪያ ያዙ። ጁላይና ኦገስት የእረፍት ወራት በመሆናቸው መንገዱ ይጨናነቃል፣ የማረፊያ ዋጋም ይንራል። በተለይ ኤድንብራ በኦገስት የኪነ ጥበብ ፌስቲቫሎቿን ስለምታስተናግድ፣ ከወራት በፊት ያልያዘ ሰው በተመጣጣኝ ዋጋ አልጋ ማግኘቱ ያጠራጥራል።

የብርሃኑን ሰዓት ከወዲሁ አስቡበት፤ ዓመቱን ሙሉ ቀንና ሌሊቱ ተቀራራቢ በሆነበት አገር ያደገ ሰው በዚህ ጉዳይ በቀላሉ ይዘናጋል። በጁን አጋማሽ በኢንቨርነስ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት አልፎ ነው፤ እራት ከበላችሁ በኋላ እንኳ ሐይቅ ዳር ለመሄድ ጊዜ ይተርፋችኋል። በዲሴምበር አጋማሽ ግን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ወጥታ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ትጠልቃለች። በአውሮፓ ክረምት ለመሄድ የምትገደዱ ከሆነ የስካይን ደሴት ትታችሁ በከተሞቹና በአቅራቢያቸው ባሉት ሐይቆች ብትወሰኑ ይሻላል፤ በጨለማ፣ በበረዶና በማታውቁት ጠባብ መንገድ ላይ መንዳት ደስታ አይሰጥም።

2. የመግቢያ ፈቃድና መንጃ ፈቃድ

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የዩናይትድ ኪንግደም የጎብኚ ቪዛ ያስፈልገዋል። ቪዛው ለመላው ዩናይትድ ኪንግደም የሚሠራ ስለሆነ ከለንደን ተነሥቶ ወደ ስኮትላንድ ለመሻገር ሌላ ፈቃድ አይጠየቅም፤ በድንበሩም ላይ ፍተሻ የለም። የሸንገን ቪዛ፣ የአሜሪካ ግሪን ካርድ ወይም የባሕረ ሰላጤ አገሮች የመኖሪያ ፈቃድ ይህን ቪዛ ይተካል ብለው የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው፤ አይተካም። የአሜሪካ፣ የእስራኤል ወይም (ከአየርላንድ በስተቀር) የአውሮፓ ኅብረት አገር ፓስፖርት ያለው ሰው ግን ለአጭር ጉብኝት ቪዛ ሳያስፈልገው፣ ኢቲኤ የሚባለውን የኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃድ ከመነሣቱ በፊት በኢንተርኔት ያወጣል። ከሁለታችሁ አንዳችሁ የውጭ፣ ሌላችሁ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዛችሁ እንደሆነ፣ የማይመለስ ክፍያ ያለው ሆቴልም ሆነ የአውሮፕላን ቲኬት የምትቆርጡት የቪዛው መልስ ከመጣ በኋላ ይሁን።

ከብሪታንያ ውጭ የወጣ የጸና መንጃ ፈቃድ ያለው ጎብኚ ተራ መኪና እስከ 12 ወር ድረስ መንዳት ይፈቀድለታል። ሕጉ ይህን ቢልም አከራዮች የራሳቸውን ቅድመ ሁኔታ ስለሚጨምሩ፣ በአገር ቤት መንጃ ፈቃድ ለመከራየት ያሰበ ሰው ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ አብሮ ቢይዝ ጠረጴዛ ላይ ከሚነሣ ክርክር ይድናል።

3. መኪናውን መከራየት

በብሪታንያ መሪው በቀኝ፣ ማርሹ በግራ እጅ ነው። ቀኝ መስመር ይዞ ለመንዳት የለመደ ሰው በግራ መስመር፣ በግራ እጁ ማርሽ እየቀየረ፣ በማያውቀው መንገድ ላይ መንዳት ሲጀምር ሦስት አዲስ ነገር በአንድ ጊዜ ይገጥመዋል፤ ስለዚህ ዋጋው ቢጨምርም አውቶማቲክ ተከራዩ። አውቶማቲክ መኪኖች በቁጥር ያነሱ በመሆናቸው አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። በመጠን ደግሞ ትንሿን መኪና ምረጡ። ሁለት ሻንጣ ከያዘች ይበቃል፤ በስካይ ጠባብ መንገዶች ላይ ሰፊ መኪና የሚያስጨንቀው ነጂውን ነው።

ውሉን ስትፈርሙ አራት ነገር አረጋግጡ። አንደኛ፣ ሁለታችሁም የምትነዱ ከሆነ ሁለተኛው ሹፌር በውሉ ላይ መመዝገቡን፤ ያልተመዘገበ ሰው ነድቶ አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱ አይሸፍንም። ሁለተኛ፣ አደጋ ሲደርስ ከኪሳችሁ የምትከፍሉት የመጀመሪያ ድርሻ ስንት እንደሆነ፣ ጎማና የፊት መስታወት በሽፋኑ ውስጥ መኖር አለመኖራቸውን፤ በገጠር መንገድ በጠጠር የሚጎዱት እነሱ ናቸው። ሦስተኛ፣ መያዣው የሚያዘው በዋናው ሹፌር ስም ባለ ክሬዲት ካርድ መሆን አለመሆኑን። አራተኛ፣ በኋላ ሻንጣ ክፍል ውስጥ ስኮርታ መኖሩን፤ ብዙ አዳዲስ መኪኖች በምትኩ የጎማ መጠገኛ ፈሳሽና መንፊያ ብቻ ነው የሚይዙት። ከግቢው ከመውጣታችሁ በፊት የመኪናውን ዙሪያ፣ ጎማዎቹንና የነዳጅ መለኪያውን በቪዲዮ ቅረጹ፤ ስፖኪዮዎቹንና ፓራውልቱን ቀረብ ብላችሁ አንሱ።

4. መስመሩንና የማደሪያ ቦታዎቹን መወሰን

የምመክረው መስመር ከኤድንብራ ይጀምርና በባቡር ወደ ግላስጎው ይሻገራል፤ ከዚያ በመኪና በሎክ ሎሞንድ ሐይቅ ዳር አልፎ በግሌንኮ ሸለቆ ወደ ፎርት ዊሊያም፣ በግሌንፊናን ወደ ማሌግ ወደብ፣ በጀልባ ወደ ስካይ ደሴት ይሄዳል። መልሱ በኢለን ዶናን ግንብና በሎክ ኔስ ሐይቅ በኩል ወደ ኢንቨርነስ፣ ከዚያም በኤ9 መንገድ በፒትሎክሪ ወደ ኤድንብራ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ለኤድንብራ ሁለት ሌሊት፣ ለግላስጎው አንድ፣ ለፎርት ዊሊያም ወይም ለግሌንኮ ሁለት፣ ለስካይ ሦስት፣ ለኢንቨርነስና ለፒትሎክሪ አንድ አንድ መድቡ። ጊዜ ካነሳችሁ ከሁሉም ላይ ግማሽ ግማሽ ቀን ከመሸራረፍ ይልቅ ስካይን ሙሉ በሙሉ ተዉት። አየሩ በሰዓታት ውስጥ ስለሚለዋወጥ፣ በአንድ ቦታ ሁለት ሌሊት ያደረ ሰው ዛሬ በጉም የተሸፈነበትን ተራራ ነገ የማየት ዕድል አለው፤ አንድ ሌሊት ብቻ ያደረ ግን ያየው ጉም ጉም ሆኖ ይቀርበታል።

የሰሜኑን ዳርቻ የሚዞረው 830 ኪሎ ሜትር የሚሆን ታዋቂ መንገድ፣ ኖርዝ ኮስት 500 የሚባለው፣ ብዙዎችን ያጓጓል። ለብቻው አንድ ሳምንት የሚፈልግ ስለሆነ ከዚህ ጉዞ ጋር አታጣምሩት።

መኪናውን በግላስጎው ተረክባችሁ በኤድንብራ አውሮፕላን ማረፊያ ስትመልሱ ተጨማሪ ክፍያ ሊኖር ስለሚችል፣ ከመያዛችሁ በፊት አወዳድሩ።

5. ኤድንብራና ግላስጎውን ያለ መኪና ማየት

በከተሞቹ ውስጥ መኪና ሸክም ነው። የመኪና ማቆሚያ ውድ ነው፣ የአውቶቡስ መስመሮች በካሜራ ይጠበቃሉ፣ ሁለቱም ከተሞች የአየር ብክለትን ለመቀነስ አሮጌ መኪኖች የማይገቡበት ቀጠና አላቸው፤ የግላስጎው በ2023፣ የኤድንብራ በ2024 መተግበር ጀምሯል። አዲስ የኪራይ መኪና በቀጠናው ሕግ ባይነካም፣ የቀረው ጣጣ አይቀርለትም። ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ኤድንብራ መሀል ትራም አለ፤ ከኤድንብራ ወደ ግላስጎው ፈጣኑ ባቡር 50 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል።

በኤድንብራ ግንቡንና ከግንቡ ቁልቁል የሚወርደውን ሮያል ማይል የተባለውን ጥንታዊ ጎዳና፣ በነጻ የሚገባበትን የስኮትላንድ ብሔራዊ ሙዚየም፣ ከተማው መሀል ቆሞ 251 ሜትር የሚደርሰውን የአርተርስ ሲት ኮረብታ በሁለት ቀን ታዳርሳላችሁ። የእኛ አንባቢ ግን ከፕሪንሰስ ስትሪት ጎዳና ምዕራባዊ ጫፍ ላይ ያለውን የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን አልፎ መሄድ አይገባውም። ከመቅደላ በ1868 የተወሰደ ታቦት በዚህ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ በ2001 ተገኝቶ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በራሱ ፈቃድ በ2002 ለኢትዮጵያ መልሶታል።

በግላስጎው በ1901 የተከፈተውና በነጻ የሚገባበት የኬልቪንግሮቭ ሙዚየም ለግማሽ ቀን ይበቃል፤ በ1896 ሥራ የጀመረው የምድር ውስጥ ባቡር ወደዚያ ያደርሳችኋል። ኤድንብራ ከጁላይ 24 ቀን 2026 ጀምሮ በማደሪያ ዋጋ ላይ 5 በመቶ የጎብኚ ክፍያ ስለምታስከፍል፣ ሆቴሉ የነገራችሁ ዋጋ እሱን የጨመረ መሆኑን ጠይቁ።

6. የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በግራ መስመር

መኪናውን ጠዋት የሥራ መግቢያ ግርግር ካለፈ በኋላ ተረከቡና፣ ከመነሣታችሁ በፊት በማቆሚያው ውስጥ ጥቂት ዙሩ። ለዚህ ጉዞ ትልቁ ምክሬ የሥራ ክፍፍልን ይመለከታል። ነጂው በቀኝ በኩል ስለሚቀመጥ፣ በቀኝ መስመር መንዳት የለመደ ሰው መኪናውን ሳይታወቀው ወደ ግራ ያስጠጋል፤ የግራ ጎማና የግራ ስፖኪዮ የሚጎዱትም በዚህ ምክንያት ነው። ጋቢና የተቀመጠው ሰው በግራ ጠርዝ በኩል ስላለ ይህን ከነጂው ቀድሞ ያያል። ስለዚህ ሁለት ቃል ተስማሙ፦ ጠርዙ ሲቀርብ «ቀኝ»፣ በመታጠፊያና በአደባባይ ላይ «ግራ ያዝ» ወይም «ግራ ያዢ»። ከዚህ ያለፈ አስተያየት ነጂውን ያናድዳል እንጂ አይረዳም፤ ካርታውንም የሚያነበው፣ ስልኩንም የሚይዘው ጋቢና ያለው ብቻ ይሁን። እየነዱ ስልክ በእጅ መያዝ 200 ፓውንድ ያስቀጣል።

በአደባባይ ላይ ትራፊኩ የሚዞረው በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ሲሆን፣ ቅድሚያ የሚሰጠው ከቀኝ ለሚመጣው ነው። ፍጥነት የሚለካው በማይል ነው፤ በከተማ 30 ወይም 20፣ መሀሉ ባልተከፈለ የገጠር መንገድ 60፣ በተከፈለ መንገድና በሞተርዌይ (በፈጣኑ አውራ ጎዳና) 70 ማይል በሰዓት ነው። 60 ማይል 96 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑን አስታውሱ። ይህ የተፈቀደው ጣሪያ ነው፤ በጠባቡ መንገድ ላይ በዚህ ፍጥነት የሚነዳ ሰው ግን የለም። ነጂዎች ከሁሉ በላይ የሚሳሳቱት በግርግር መሀል ሳይሆን፣ ሌላ መኪና በሌለበት ጭር ባለ መንገድ ላይ ከማደያ ወይም ከመኪና ማቆሚያ ሲወጡ ነው፤ የሚከተሉት መኪና ስለሌለ እጃቸው ወደ ለመደው ቀኝ መስመር ይወስዳቸዋል።

በስኮትላንድ ለነጂ የሚፈቀደው የአልኮል መጠን ከ2014 ጀምሮ በ100 ሚሊ ሊትር ደም 50 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ከእንግሊዙ ያነሰ ነው። የውስኪ ፋብሪካ የምትጎበኙ ከሆነ ብዙዎቹ ለነጂው ድርሻውን በትንሽ ጠርሙስ ይዞ እንዲሄድ ያዘጋጁለታል፤ ማታ ማደሪያው ላይ ይቅመሰው።

7. ከሎክ ሎሞንድ እስከ ፎርት ዊሊያም

ከግላስጎው በኤ82 መንገድ ወደ ሰሜን ስትወጡ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ በስፋቱ ከብሪታንያ ሐይቆች አንደኛ የሆነው ሎክ ሎሞንድ ላይ ትደርሳላችሁ። ሐይቁ 71 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። ሉስ በምትባለው መንደር ለአንድ ሰዓት ቁሙ። ከታርቤት መንደር በኋላ መንገዱ በዐለቱና በውኃው መካከል ስለሚጠብ፣ ትልልቅ አውቶቡሶችና የጭነት መኪኖች ሲመጡ ፍጥነት ቀንሱ።

ከታይንድረም መንደር በኋላ ዛፉ እየሳሳ፣ መሬቱ ረግረግ እየሆነ፣ የራኖክ ሙር ሜዳ ይከፈታል። ከዚያ የሚቀጥለው ግሌንኮ ነው። ሸለቆው በሁለቱም በኩል በጥቁር ተራሮች የታጠረ ሲሆን፣ በፌብሩዋሪ 13 ቀን 1692 የመንግሥት ወታደሮች በእንግድነት ካሳደሯቸው ከማክዶናልድ ጎሣ ሰዎች መካከል ከ30 በላይ የሚሆኑትን በሌሊት የጨፈጨፉበት ቦታ ነው። «ሦስቱ እህቶች» ከሚባሉት ተራሮች ትይዩ ያለው ማቆሚያ ከረፋድ በኋላ ይሞላል፤ ሞልቶ ከሆነ በመንገዱ ዳር ሣር ላይ ሳትወጡ ወደ ቀጣዩ ማቆሚያ እለፉ።

ፎርት ዊሊያም ራሷ ውብ ከተማ አይደለችም። ማደያ፣ ሱፐርማርኬትና የተራራ ልብስ መሸጫ ስላላት ግን ለማደሪያ ትመቻለች። በቀጣዩ ቀን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ሂዱና የግሌንፊናንን የባቡር ድልድይ እዩ። 21 ቅስቶች ያሉት ይህ የኮንክሪት ድልድይ በ1901 የተከፈተ ሲሆን፣ በአውሮፓ የበጋ ወራት የእንፋሎት ባቡር ያልፍበታል። ባቡሩ ሲያልፍ ለማየት ካሰባችሁ ማቆሚያው ቀድሞ ስለሚሞላ በጣም ማልዳችሁ ድረሱ።

8. ተራራ ላይ መውጣት

ቤን ኔቪስ 1,345 ሜትር ከፍታ ያለው የብሪታንያ ትልቁ ተራራ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለተቀመጠች፣ ከእኛ አገር የሄደ ሰው ቁጥሩን ሰምቶ ይስቃል። አትሳቁ። መውጣቱ የሚጀምረው ከባሕር ወለል ጥቂት ከፍ ብሎ ስለሆነ 1,300 ሜትሩን በሙሉ በእግራችሁ ነው የምትወጡት። ደርሶ መልሱ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይፈጃል፤ ጫፉ ላይ በማንኛውም ወር በረዶ ሊጥል ይችላል፣ ብዙውን ቀንም በጉም ይሸፈናል። ሰሜናዊው ገጽ ገደል ስለሆነ በጉም ውስጥ መንገድ የሳተ ሰው ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል።

ሁለታችሁም የተራራ ጫማ፣ ውኃ የማያስገባ ጃኬትና ሱሪ፣ ካርታና ኮምፓስ ከሌላችሁ ጫፉን ተዉት። ከፎርት ዊሊያም ወጣ ብሎ ያለው የኔቪስ ሬንጅ የገመድ መኪና 650 ሜትር ከፍታ ላይ ያደርሳችኋል፤ ነፋስ ሲበረታ ስለሚቆም ጠዋት ደውላችሁ አረጋግጡ። የትኛውንም ተራራ ስትወጡ ደግሞ የሚደክመው ሰው ፍጥነቱን ይወስን፤ አንዱ ቀድሞ ሌላው ወደ ኋላ ቀርቶ መለያየት በጉም ውስጥ ከሁሉ የከፋ ስሕተት ነው። አደጋ ቢደርስ 999 ደውላችሁ በመጀመሪያ ፖሊስ፣ ቀጥሎ የተራራ አዳኞችን ጠይቁ። አዳኞቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ ክፍያም አይጠይቁም። ዣንጥላ አትያዙ፤ በዚያ ነፋስ ውስጥ ወዲያው ይገለበጣል።

9. ስካይ ደሴትና ባለ አንድ መኪና መንገዶች

ከማሌግ ወደ አርማዴል የምትሻገረው የመኪና ጀልባ ቦታዋ ስለሚያልቅ አስቀድማችሁ ያዙ። በነፋስ ምክንያት ከተሰረዘች በኤ87 መንገድ ዞራችሁ የስካይን ድልድይ ተሻገሩ፤ ድልድዩ በ1995 የተከፈተ ሲሆን፣ ከ2004 ወዲህ ክፍያ የለበትም። ከመሻገራችሁ በፊት ነዳጅ ሙሉ። በማደያ የቤንዚኑ መቅጃ እጀታ አረንጓዴ፣ የናፍጣው ጥቁር ነው። የመንገዱን ካርታም ያለ ኔትወርክ እንዲሠራ ስልካችሁ ላይ ጫኑ፤ በሸለቆዎቹ ውስጥ ኔትወርክ ይጠፋል።

አሁን ወደ ጠባቡ መንገድ እንምጣ። መንገዱ የአንድ መኪና ስፋት ብቻ ሲሆን፣ በየመቶ ወይም ሁለት መቶ ሜትሩ ጎኑ ሰፋ ብሎ የመተላለፊያ ቦታ የሚል ነጭ ምልክት ይቆምበታል። ዐይናችሁ ሁልጊዜ ከፊታችሁ ባለው ቀጣይ ምልክት ላይ ይሁን። ከፊት መኪና ሲመጣ ስታዩ፣ ሰፊው ቦታ በግራችሁ ከሆነ ገብታችሁ ቁሙ። በቀኛችሁ ከሆነ አቋርጣችሁ አትግቡ፤ በያዛችሁት ግራ መስመር ላይ ከሰፊው ቦታ ትይዩ ቁሙና የሚመጣው መኪና ወደ እሱ ገብቶ ይለፋችሁ። ዳገት ለሚወጣው ቅድሚያ ስጡ። ሁለታችሁም መሀል መንገድ ላይ ከተገናኛችሁ፣ ሰፊው ቦታ የሚቀርበው ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ጋቢና ያለው ወርዶ ከኋላ ቢመራ ነውር የለበትም። ያሳለፋችሁን ሰው እጃችሁን አንሥታችሁ አመስግኑ፤ በዚያ አገር ይህን የሚተው የለም። ከኋላችሁ የሚቸኩል የአካባቢው ሰው ከተከተላችሁ ደግሞ በመጀመሪያው ቦታ ገባ ብላችሁ አሳልፉት፤ እሱ ወደ ሥራው፣ እናንተ ወደ ሽርሽር ናችሁ። መተላለፊያው ለፎቶ ማቆሚያ አይደለም። በግም መንገድ ዳር ይተኛል፤ እናቲቱ በአንድ ወገን፣ ግልገሏ በሌላው ወገን ካሉ ግልገሏ በድንገት ወደ እናቷ እንደምትሮጥ አስባችሁ አዝግሙ። ሲመሽ የሚያሰጋው አጋዘን ነው።

በደሴቱ ላይ አንዱን ቀን ለሰሜኑ መድቡ፦ ማለዳ የስቶር ሽማግሌ የሚባለውን የቆመ ዐለት፣ ከሰዓት በኋላ የኪራንግን ገደላማ ተራራ። ሁለተኛውን ቀን በተረት ኩሬዎች ስም የሚታወቁትን ፌሪ ፑልስንና የኩሊን ተራሮችን ለማየት አውሉ። ሦስተኛውን ቀን ባዶ ተዉት፤ በዝናብ ከሁለቱ አንዱ ቢበላሽ መጠባበቂያ ይሆናችኋል።

10. ምግብና ነካሽ ነፍሳት

በትናንሽ መንደሮች ወጥ ቤት የሚዘጋው በጊዜ ነው፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ የደረሰ እንግዳ ቺፕስ ብቻ ሊያገኝ ይችላል። በስካይ እራት ቀድማችሁ አስይዙ፣ መኪናው ውስጥም ዳቦ፣ ፍራፍሬና ውኃ ይኑር። ጾመ ፍልሰታ ከኦገስት 7 ጀምሮ ስለሚገባ በአውሮፓ በጋ የምትጓዙ ጾመኞች ቀኑን አስቡበት። ነገሩ ግን አያስቸግርም፤ በብሪታንያ ሱፐርማርኬቶችና ምግብ ቤቶች ቪጋን የሚል ምልክት ያለበት ምግብ ሥጋም፣ ወተትም፣ እንቁላልም፣ ቅቤም የሌለበት ስለሆነ ለጾም ይሆናል። ሃጊስ የሚባለው የአገሩ ምግብ ከበግ ሳንባ፣ ልብና ጉበት ከአጃ ጋር ይሠራል፤ ዱለት የሚወድ ሰው አይከፋውም። ሥጋ የሌለበት ዓይነትም አለ።

ሚጅ የምትባለው ከትንኝ የምታንስ ነፍሳት ከሜይ መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር በምዕራቡ በኩል ትገኛለች፤ ነፋስ በሌለበት ንጋትና ማታ ላይ በመንጋ ትመጣለች፣ ነፋስ ሲነሣ ትጠፋለች። በሽታ አታስተላልፍም፣ ማሳከኳ ግን ያስመርራል። መከላከያ ቅባት በፋርማሲ ይሸጣል። ከሣር መሀል ከወጣችሁ በኋላ ደግሞ እግራችሁን ለመዥገር ፈትሹ።

11. መመለሻው፦ ሎክ ኔስ፣ ኤ9 እና ላርበርት

ከስካይ ስትወጡ ሦስት የባሕር ወሽመጦች በሚገናኙበት ላይ የቆመው ኢለን ዶናን ያገኛችኋል። በ1719 ከፈረሰ በኋላ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንደገና የተሠራ ግንብ ነው። ከዚያ በኋላ ሎክ ኔስ ነው፤ ጥልቀቱ 230 ሜትር የሚደርስ ሲሆን፣ የያዘው ውኃ የእንግሊዝና የዌልስ ሐይቆች ተደምረው ከያዙት ይበልጣል። በሐይቁ ውስጥ ይኖራል ስለሚባለው ጭራቅ የሚወራው ገበያ እንጂ ሌላ አይደለም፤ በዳሩ ላይ ያለው የአርካርት ግንብ ፍርስራሽ ግን የመግቢያ ክፍያው ይገባዋል።

ከኢንቨርነስ ወደ ደቡብ በሚወስደው በኤ9 ላይ እስከ ደንብሌን ድረስ አማካይ ፍጥነት የሚለኩ ካሜራዎች ተተክለዋል፤ ካሜራው አጠገብ ብቻ ማቀዝቀዝ አያድንም። መንገዱ አንዳንዴ የተከፈለ፣ አንዳንዴ ያልተከፈለ ስለሚሆን ምልክቱን ሳታዩ አትቅደሙ። በስፋቱ የዩናይትድ ኪንግደም ትልቁ በሆነው በኬርንጎምስ ብሔራዊ ፓርክ በኩል አልፋችሁ በፒትሎክሪ እደሩ።

በመጨረሻው ቀን ከስተርሊንግ በኋላ ላርበርት ወደምትባለው ትንሽ ከተማ ግቡ። በ1770 ግሽ ዓባይ የደረሰው፣ መጽሐፈ ሄኖክን በግእዝ ወደ አውሮፓ ይዞ የተመለሰው ጄምስ ብሩስ የተወለደውም፣ በ1794 የሞተውም በአቅራቢያዋ ባለው በኪኔርድ ነው። የተቀበረበት የላርበርት ቤተ ክርስቲያን አጸድ ውስጥ የቆመለት ሐውልት ከድንጋይ ሳይሆን ከብረት ቀልጦ የተሠራ ነው፤ በአካባቢው የነበረው የካሮን የብረት ፋብሪካ ሥራ ነው። የጎንደርን ቤተ መንግሥት ያየ፣ ከእቴጌ ምንትዋብ ጋር የተነጋገረ ሰው ለንደን ሲመለስ ብዙዎች ውሸታም ብለው እንደሳቁበት የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ እዚያ ቆሞ ትንሽ ይቆያል። ማቆሚያው ቅርብ ነው፣ ከግማሽ ሰዓት በላይም አይወስድባችሁም።

ከላርበርት እስከ ኤድንብራ አውሮፕላን ማረፊያ በኤም9 ሞተርዌይ በኩል ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ከመድረሳችሁ በፊት ነዳጅ ሞልታችሁ ደረሰኙን ያዙ፤ ሳይሞላ የተመለሰ መኪና በአከራዩ ዋጋ ይሞላል። ስትመልሱም እንደተረከባችሁት ዙሪያውን ቅረጹ፣ የተጓዛችሁትን ማይልና የነዳጅ መለኪያውን አንሱ። በስኮትላንድ ባንኮች የታተመውን የፓውንድ ወረቀት እንግሊዝ ውስጥ የማይቀበሉ ሱቆች ስላሉ እዚያው አውጡት። የካሜራ ቅጣት ከሳምንታት በኋላ ከአከራዩ የአገልግሎት ክፍያ ጋር ሊመጣ ስለሚችል፣ ቪዲዮውንና ደረሰኞቹን መያዣው ተለቆ ጥቂት ወራት እስኪያልፉ ድረስ አታጥፉ።